ያውቁ ኖሯል? የጠላቂዎች ሬጉሌተር፣ ሰርቪሱና ፍተሻው

ጠላቂዎች በጀርባቸው አዝለውት የሚወርዱት ሲሊንደር አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው በኦክስጅን ሳይሆን እርስዎ አሁን በሚተነፍሱት ተራ አየር መሆኑን ያውቁ ኖሯል? «የኦክስጅን ጋን» የሚለው አጠራር ለሆስፒታል እንጂ ለባሕር አይሆንም። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር ግድም ወዲያ ጠላቂውን እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፤ ውሃ ውስጥ መንዘፍዘፍ ደግሞ ወደ መስጠም ያደርሳል።

አየር ይመዝናል። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር እስከ 200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይታመቅበታል፤ ክብደቱ 2.9 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ጠላቂው ይህን ሁሉ ቀስ በቀስ ተንፍሶ ስለሚጨርሰው፣ ወገቡ ላይ የሚታጠቀው እርሳስ ሲመጠን በመጨረሻዋ ደቂቃ የሚቀልለው ክብደት አብሮ ይታሰባል።

200 ባር ስንት ነው? ሁለት ኪሎ ሜትር የሚረዝም የውሃ ዓምድ ከሥሩ ያለውን ነገር የሚጫነውን ያህል። ሬጉሌተሩ ይህን ጉልበት አርግቦ፣ አፍ ዘንድ ሲደርስ የሦስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ግፊት ያህል ብቻ በሆነ ስበት እንዲከፈት ማድረግ አለበት። ሥራውን የሚሠራው በሁለት እርከን ነው። በሲሊንደሩ አንገት ላይ የሚታሰረው ፈርስት ስቴጅ 200 ባሩን ያወርደውና በዙሪያው ካለው የውሃ ግፊት በ9 ወይም በ10 ባር ብቻ ከፍ ያለ መካከለኛ ግፊት ያደርገዋል። ቀሪውን በጥርስ የሚያዘው ሴከንድ ስቴጅ ይጨርሳል። ያን መካከለኛ ግፊት ልብ ይበሉት፤ ሰርቪስ የሚያደርገው ባለሙያ ዓይኑን የሚተክለው እሱ ላይ ነው።

የዛሬው ሬጉሌተር ከመኪና ሞተር የመጣ መሆኑንስ? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ በጀርመን ተይዛ ቤንዚን ሲጠፋ፣ የኤር ሊኪድ ኩባንያ መሐንዲስ ኤሚል ጋኛን መኪኖች በጋዝ እንዲነዱ የሚያስችል መቆጣጠሪያ ቫልቭ ይሠራ ነበር። የባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ-ኢቭ ኩስቶ በ1942 መጨረሻ ፓሪስ ድረስ ሄዶ የሚፈልገውን ሲያስረዳው ሁለቱ ያችኑ ቫልቭ ይዘው ሥራ ጀመሩ። በማግስቱ ዓመት መጀመሪያ ማርን ወንዝ ውስጥ ሲሞክሩት ግን እንግዳ ነገር ገጠማቸው። ኩስቶ በአግድም ሲዋኝ ያለ ችግር ይተነፍሳል፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩ ያለ ልክ ይንፎለፎላል፤ ሲዘቀዘቅ ደግሞ መሳብ ያቅተዋል። ጥፋቱ የትንፋሽ መውጫው ቫልቭና አየር የሚያስገባው ዲያፍራም ተራርቀው መቀመጣቸው ነበር፤ ውሃ ውስጥ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ልዩነት የግፊት ልዩነት ይፈጥራላ! መውጫውን ከዲያፍራሙ ጎን ሲያስጠጉት ነገሩ ተስተካከለ። 1943 ሳያልቅ፣ በበጋው መግቢያ ላይ፣ ኩስቶ በደቡብ ፈረንሳይ ባንዶል አጠገብ መሣሪያውን አዝሎ ባሕር ገባ።

ያ የማርን ወንዝ ችግር ዛሬም የሰርቪስ ባለሙያውን እጅ ይይዘዋል። «ስተነፍስ እንዳይሰማኝ አድርገህ አላላልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። መክፈቻው ከልክ በላይ ሲላላ ግን ጠላቂው አንገቱን ባዘነበለ ቁጥር ሬጉሌተሩ በራሱ ጊዜ አየር ይለቃል። ስለዚህ «የሚቻለው ዝቅተኛ» እና «የሚበጀው ዝቅተኛ» ይለያያሉ። እኔ ትንሽ ጠበቅ የሚያደርገውን ባለሙያ ነው የማምነው።

ለነገሩ ኩስቶና ጋኛን የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ቤኗ ሩኬሮል ሰው በሳበ ጊዜ ብቻ አየር የሚሰጥ ሬጉሌተር በ1860 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል፤ ያሰበው ለጠላቂ ሳይሆን ጭስና መርዛም ጋዝ በሞላው የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ለሚገቡ ሰዎች ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የባሕር ኃይል መኮንኑ ኦገስት ደኔሩዝ ተጨመረበትና መሣሪያው ወደ ውሃ ወረደ። ዡል ቬርንም በ1870 ባሳተመው የባሕር ልብ ወለዱ ውስጥ የሁለቱን ሰዎች መሣሪያ በስም ጠቅሶ ለካፒቴን ኔሞ አስታጥቆታል።

ዳህላክም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተቆራኘችበት ሰሞን፣ በ1952 እና 53፣ አንድ የጣልያን ጠላቂዎች ጉዞ ወደ ዳህላክ ደሴቶች አቅንቶ ነበር። የጉዞው አባል ፎልኮ ኩሊቺ ከዚያ ያመጣው «ሴስቶ ኮንቲኔንቴ» የተሰኘ ፊልም በ1954 ለሕዝብ ታየ።

ውድ ሬጉሌተር ገዢ የሚከፍለው ለምኑ ነው? በመጠኑ ለስሙ፣ በመጠኑ ለብረቱ፣ ዋናው ግን ለትንፋሽ ድካም ነው። ይህ ድካም ይለካል፤ መለኪያውም ጁል በሊትር ነው። ኢኤን 250 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ሬጉሌተሩን ለሜካኒካል ሳንባ ያጎርሰዋል። ማሽኑ በ50 ሜትር ጥልቀት ግፊት ውስጥ በደቂቃ 25 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ 2.5 ሊትር፣ በድምሩ 62.5 ሊትር አየር ይስባል። ተረጋግቶ የሚዋኝ ሰው ከዚህ ሲሶውን እንኳ አይፈልግም፤ ማሽኑ የሚመስለው በድንጋጤ የሚያለከልከውን ነው። ድካሙ በሊትር ከ3 ጁል ካለፈ ሬጉሌተሩ ወደቀ። ጥሩ የሚባሉት ከዚህ ግማሽ በታች ይጨርሱታል። ሻጩ የሚያሳይዎ ቁጥር ግን ፋብሪካ ያስተካከለው አዲስ ናሙና ያመጣው ውጤት ነው። የእርስዎ ሬጉሌተር ሦስት ዓመት ጨው ከቀመሰ በኋላ ያን ቁጥር አያውቀውም።

የትኛውም ሬጉሌተር የማያቃልለው ነገርም አለ፦ የአየሩን ውፍረት። ላይ በሊትር 1.2 ግራም የሆነው አየር በ50 ሜትር ከ7 ግራም ያልፋል፤ ሳንባና የአየር ቧንቧም ይህን ማመላለስ አለባቸው። በዘርፉ ያሉ ተመራማሪዎች የሚመክሩት ከ5.2 ግራም እንዳያልፍ ነው። ተራ አየር እዚያ የሚደርሰው ከ30 ሜትር ብዙም ሳይርቅ ነው።

አንዳንድ ሬጉሌተር ከታይታኒየም ይሠራል። የአሜሪካው አቶሚክ አኳቲክስ በ1990ዎቹ ያወጣው ቲ1 በዚህ ዝነኛ ነው። ታይታኒየም በጨው ውሃ አይበላም፤ ክብደቱም የናስን ግማሽ ቢያልፍ በጥቂት ነው። ነገር ግን ኦክስጅን በበዛበት አየር ውስጥ ሊቀጣጠል የሚችል ብረት በመሆኑ ከ40 በመቶ በላይ ኦክስጅን ለያዘ ድብልቅ አይመከርም። ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ዕቃ የማይገባበት ቦታ ርካሹ የናስ ሬጉሌተር፣ በአግባቡ ጸድቶ፣ ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

ፒስተን ወይስ ዲያፍራም? የጠላቂዎች የማያልቅ ክርክር ነው። ስኩባፕሮ ኤምኬ25 የፒስተኑ ወገን ዋና ተጠሪ ነው፦ ውስጡ ክፍት የሆነ አንድ ፒስተን፣ አንድ ሞላ፣ አየሩም በፒስተኑ መሐል ያልፋል። የሚንቀሳቀሰው ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ የሚያሳልፈው አየርም ብዙ ነው። ቅሬታው ሞላው ያለበት ክፍል ውስጥ ባሕሩ ራሱ መግባቱ ነው፤ ጨውና አሸዋ አብረው ይገባሉ። በዲያፍራም ሬጉሌተር ላይ ውሃው ከጎማው ሽፋን ወዲህ አያልፍም፤ በቅዝቃዜና በደፈረሰ ውሃ የሚሠሩ ሰዎች ይህኛውን የሚመርጡት ለዚህ ነው። በሞቃት ባሕር ለሽርሽር የሚጠልቅ ሰው ልዩነቱን በትንፋሹ መለየቱን እጠራጠራለሁ።

ፈርስት ስቴጁ ቢበላሽ አየሩ ይቋረጣል? አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው የሚሆነው። መካከለኛው ግፊት ከልክ ሲያልፍ የሴከንድ ስቴጁን ቫልቭ ገፍቶ ይከፍተውና አየሩ መፍሰስ ይጀምራል፤ ጠላቂው ከሚንፎለፎለው እየቀነሰ እየተነፈሰ ይወጣል። ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጠው የስዊድኑ ፖሲዶን ነው። በጄትስትሪምና በኤክስትሪም ሞዴሎቹ ውስጥ ግፊቱ ቫልቩን የሚገፋው ወደ መዝጊያው ነው፤ ሲጨምር ይበልጥ ይጠረቅመዋል። ስለዚህ ትርፉን ግፊት የሚያስተነፍስ ተጨማሪ ቫልቭ የግድ ያስፈልገዋል። ፖሲዶንን ሌላ ሬጉሌተር ብቻ ለለመደ ሰው ለሰርቪስ አይስጡ።

አሁን ወደ ሠራተኛው ጠረጴዛ እንጠጋ። ከፊቱ ባለ መርፌ ጌጅ አለ፤ በአንዱ ቱቦ በኩል ከመካከለኛው ግፊት ጋር አገናኝቶታል። ሲሊንደሩን ቀስ አድርጎ ይከፍታል። መርፌው ተነሥቶ 9.5 ላይ ቆመ እንበል፤ ለኤምኬ25 ከ9.2 እስከ 9.8 ባር መልካም ነው። አንዴ ይተነፍስበታል። መርፌው ጠቅ ብሎ ይወርድና ወዲያው ተመልሶ እዚያው ይቆማል። ከዚያ ምንም አይነካም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ብዙ ነገር የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። መርፌው 9.5 ላይ ከቆየ ሬጉሌተሩ ጤነኛ ነው። 9.6፣ 9.8፣ 10 እያለ ከዳኸ የከፍተኛው ግፊት መቀመጫ አልቋል፤ ወይም የፒስተኑ ጫፍ ተጎድቷል። መቀመጫው ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጥ ፕላስቲክ ነው፤ የፒስተኑ ጫፍ እንደ ስለት ሹል ሆኖ እሱ ላይ ያርፋል። በዓይን የማትታይ አንዲት ጭረት በቂ ናት፤ ለዚህ ነው ባለሙያው አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ዓይኑ ላይ ደቅኖ ጫፉን ዙሪያውን የሚያገላብጠው። ጭረት ካየ አዲስ መቀመጫ ብቻ ቀይሮ አይመልስልዎትም፤ ከመለሰም ያንኑ ችግር በሚቀጥለው ወር ያገኙታል።

በዚሁ ጌጅ ሌላም ነገር ይፈተናል። ሚዛኑን የጠበቀ የሚባለው ውድ ዓይነት ሲሊንደሩ 200 ባር ሲሆንም፣ ወደ 50 ሲወርድም መርፌውን እዚያው አካባቢ ማቆም አለበት። ርካሹና ሚዛን የሌለው ፒስተን ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲሄድ መካከለኛ ግፊቱ አብሮ ይቀንሳል፤ ትንፋሹም ይከብዳል። የዋጋውን ልዩነት በዓይን ማየት የፈለገ ገዢ ሁለቱን ጎን ለጎን በግማሽ ባዶ ሲሊንደር ያስሞክር።

የፈርስት ስቴጁ መግቢያ ላይ ያለችው ትንሽ የነሐስ ወንፊት የባለቤቱን ጠባይ ታሳብቃለች። አረንጓዴ ከሆነች ባሕር ውሃ ገብቷል። ቡናማ ወይም ቀይ ከሆነች የብረት ሲሊንደሩ ውስጡ ዝጓል። ጥቁር ከሆነች አየሩን የሞላው ኮምፕሬሰር ማጣሪያ መቀየር ነበረበት። አሮጌ ሬጉሌተር ልገዛ ብለው ካሰቡ ከሻጩ ወሬ በፊት ይችን ወንፊት ይመልከቱ።

ኦ-ሪንግ የተባለችው ክብ ጎማ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘችው በ1939 ነው፤ ያስመዘገባት ከዴንማርክ የሄደው ኒልስ ክሪስተንሰን ነበር። ሬጉሌተር ያለ እሷ አይታሰብም። ሠራተኛው አሮጌዋን ሲያወጣ የሚጠቀመው የናስ ወይም የፕላስቲክ መንቀሻ ነው፤ ብረት ጉድጓዷን ከጫረ አዲስ ጎማም አይዘጋውም። ቅባቱም ቢሆን እንደ አየሩ ነው። ለተራ አየር የሲሊኮን ግሪስ ይበቃል። ኦክስጅን ለበዛበት ድብልቅ ግን ኦክስጅን የማያቀጣጥለው ልዩ ቅባት ግዴታ ነው፤ ቫልቭ በድንገት ሲከፈት የሚታመቀው ጋዝ ይግላል፣ ግለቱም ተራ ቅባትን ሊያቀጣጥል ይችላል። ቫልቭ ቀስ ብሎ የሚከፈተውም ለዚህ ነው።

ሬጉሌተርን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ እጥበቱ ነው! ባለቤቱ ከባሕር ወጥቶ፣ ሴከንድ ስቴጁን ባልዲ ውስጥ ነክሮ፣ መሐሉ ላይ ያለውን መግፊያ ጫን ጫን ያደርጋል፤ የሚያጸዳ መስሎታል። ግፊት በሌለበት መግፊያው ሲጫን ቫልቩ ይከፈታል፤ ውሃው በቱቦው አልፎ ወደ ፈርስት ስቴጁ ያመራል። የፈርስት ስቴጁን መግቢያ የሚከድነው ቆብ ደርቆና ተጠብቆ ካልተገጠመም ውሃ በዚያ በኩል ይገባል። ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ፣ ረጋ ብሎ ዘፍዝፎ ማቆየት፣ መግፊያውን አለመንካት፤ በቃ። የመጥበቂያ እጀታ ያለው ሴከንድ ስቴጅ ከሆነ ደግሞ ለማስቀመጥ እጀታውን ያላሉት፤ ሞላው መቀመጫውን ቀንና ሌሊት እንዳይጫነው። አቶሚክ ለዚህ ችግር የራሱ ዘዴ አለው፦ ግፊት ሲለቀቅ አፈ-ቀዳዳው ራሱ ከመቀመጫው ይርቃል።

ያለ ምንም የመለኪያ መሣሪያ ቤትዎ ውስጥ ሁለት ፈተና ማድረግ ይችላሉ። አንደኛው፦ ከሲሊንደር የተፈታውን ሬጉሌተር ቆቡን አጥብቀው ሴከንድ ስቴጁን በአፍዎ ይሳቡ። መሳብ አቅቶዎት እዚያው ከተጣበቀ ጥሩ፤ አየር ሾልኮ ከገባ ዲያፍራሙ ተቀዷል ወይም የትንፋሽ መውጫው ጎማ አልገጠመም፤ ባሕር ውስጥ በዚያ ቦታ የሚገባው ውሃ ነው። ሁለተኛው ሲሊንደርና አንድ ሳፋ ውሃ ይፈልጋል። ሬጉሌተሩን ይግጠሙ፣ አየሩን ይክፈቱ፣ ሴከንድ ስቴጁን የአፉን ጎማ ወደ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ውሃው ውስጥ ያውርዱት። ፊስ ማለት ሲጀምር ዲያፍራሙ ከውሃው ወለል ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ይዩ፤ መክፈቻ ስበቱ እሱ ነው። ከሁለት ተኩል እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ከሆነ ደኅና ነው።

ከሁለቱ ቱቦዎች የትኛው ቢፈነዳ ይሻላል? 200 ባር የሚያልፍበት የመለኪያው ቱቦ! መግቢያው ላይ መርፌ የምታክል ቀዳዳ ብቻ ስላለች አየሩ የሚያመልጠው በዝግታ ነው። ወደ አፍ የሚሄደው ባለ 10 ባር ቱቦ ሰፊ በመሆኑ ቢፈነዳ ሲሊንደሩን በፍጥነት ባዶ ያደርገዋል።

በጨርቅ ክር የተጠለፉት ተለጣጭ ቱቦዎች ያምራሉ፤ ይቀላሉም። የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሆነው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የመዘገባቸው አጋጣሚዎች እንደሚያሳዩት ግን አንዳንዶቹ፣ በተለይ ሙቅ አገር የቆዩ፣ የውስጥ ሽፋናቸው እየተበላሸ የክሪስታል ክምችት ይፈጥርና መተላለፊያውን ይዘጋል። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ነው። የሰርቪስ ባለሙያ ቱቦውን ፈትቶ ብርሃን ካላሳየበት አይታወቅም።

ቅዝቃዜ ሌላው ፈተና ነው። ከ200 ወደ 10 ባር የሚወርድ አየር በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ውሃው ራሱ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ውስጡ በረዶ ይሠራና ቫልቩን ክፍት ያስቀረዋል። በዚህ ጊዜ መግፊያውን በተከታታይ እየጫኑ አየር መልቀቅ ያባብሰዋል።

ሰርቪስ በስንት ጊዜ ይደረጋል? እንደ አምራቹ በዓመት ወይም በ2 ዓመት፣ አልያም 100 ጊዜ ከተጠለቀበት በኋላ፤ አቶሚክ እስከ 300 የሚፈቅድበት አለ። ጎማዎቹ፣ መቀመጫዎቹና ወንፊቱ አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ አካሉ በድምፅ ሞገድ ማጠቢያ ውስጥ ገብቶ ይጸዳል። አዲስ የተገጠመ መቀመጫ ግን የፒስተኑን ጫፍ እስኪለምድ ድረስ ትንሽ ይረገጣል፤ መካከለኛው ግፊትም አብሮ ሊለወጥ ይችላል። በመሆኑም ከሰርቪስ የወጣን ሬጉሌተር በማግስቱ ይዞ ሩቅ አገር መብረር ጥሩ ሐሳብ አይደለም። ሲረከቡ የመካከለኛውን ግፊትና የመክፈቻ ስበቱን ቁጥር በወረቀት ጽፎ እንዲሰጥዎ፣ የተቀየሩትንም አሮጌ ክፍሎች በፌስታል እንዲያስረክብዎ ይጠይቁት። ከዚያ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ወይም ሦስት ሜትር በማይሞላ ውሃ ይሞክሩት።

የ1970ዎቹ ስኩባፕሮ ኤምኬ5 ዛሬም ባሕር ውስጥ እንደሚሠራ ያውቁ ኖሯል? ጎማና መቀመጫ እስከተገኘለት ድረስ ናሱ አያረጅም። የሚሸጥ አሮጌ ሬጉሌተር ሲያገኙ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ እንግዲህ አንድ ነው፦ መለዋወጫው ይገኛል?